ገንዳውን የጠገንኩ ቀን

ሰዎች የመጀመሪያ ሥራዬን እንዴት እንዳገኘሁ ሲጠይቁኝ «የልጆች መዋኛ ገንዳ ጠግኜ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔም አብሬ ፈገግ እላለሁ፤ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። ዓይናፋር ሰው ነኝና በአጭሩ የሚያልቅ ወሬ ይመቸኛል። ቀሪውን ግን ለማንም ተናግሬ ጨርሼ አላውቅም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ቅዳሜ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አመሻሹ አሥራ ሁለት ሰዓት ስላለፈው ስምንት ሰዓት።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በውሃ ምህንድስና ተመርቄ ዓመት ከመንፈቅ ሥራ ፈልጌ አጥቻለሁ። እናቴ ያለችው መቀሌ ነው። እኔ የምኖረው ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ገባ ብሎ በሚገኘው የታናሽ እህቷ የእትዬ ራሄል ቤት ነበር። እትዬ ራሄል ገና አርባ ዓመቷ ነው። የገዛ እናቴን «አንቺ» እያልኩ ያደግኩ ልጅ እሷን ግን አንቱ እላት ነበር። ማንም አላዘዘኝም። በሰው ቤት የሚኖር ሰው ምላሱ ራሱ ቦታውን ያውቃል። ከእነሱ ጋር ገበታ እቀርባለሁ፣ ከሁሉም ቀድሜ እነሳለሁ። ልጇን ናቲን አስጠናለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ ውሃ አቀርባለሁ። በዚያ ቤት እንግዳም ሠራተኛም አልነበርኩም።

ሠራተኛዋ ብርቄ ትባላለች። ብትበልጠኝ በሁለት ዓመት ነው። ቀድሞ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። ልጇን ሊዲያን የምትይዝላት ጎረቤት ሰፈር ስትቀይር የሚጠብቅላት ሰው አጣች፤ ስለዚህ ልጅ ይዘው የሚገቡበት ቤት መፈለግ ጀመረች። ስድስት ቤት ልጅቷን ካላስቀረሽ ብለው መልሰዋታል። ሰባተኛዋ እትዬ ራሄል ነበረች። ልጅ ያላት ሠራተኛ መቀበሏን ለእንግዶቿ ሁሉ ታወራዋለች፤ «ለነፍሴ ብዬ ነው» ትላለች። ደንቡ ግን ግልጽ ነበር። የአራት ዓመቷ ሊዲያ ከግቢው ጀርባ ካለችው የሠራተኛ ክፍል ደረጃ አታልፍም። ካለፈችና ካስቸገረች እናትና ልጅ አብረው ይወጣሉ። ሊዲያም ይህን ታውቅ ነበር። እደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ እግሯን ሰብስባ፣ ናቲ ሲጫወት ታያለች።

ያ ቅዳሜ የናቲ ስድስተኛ ዓመት ልደት ነበር። አባቱ ለንግድ ወደ ውጭ ሲመላለስ በአየር የሚነፋ ትልቅ ገንዳ አምጥቶለት ነበር። ሦስት ቀለበቶች እርስ በርሳቸው ተደራርበው ግድግዳ ይሆናሉ፤ አየር ሲሞላቸው እስከ ወገብ ይደርሳሉ። በእኛ በኩል ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ ሐሙስ ውሃ እንደመጣ ገንዳውን ነፍቼ፣ ሮቶው ከመሙላቱ በፊት እሱን ሞላሁት። እትዬ ራሄል በዚያ ቀን አንድ ሌላ ነገርም አስባልኝ ነበር። የባሏ ጓደኛ የሆነ የውሃ ሥራ ተቋራጭ፣ ጋሽ መስፍን፣ ልጆቹን ይዞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል።

«የእህቴ ልጅ የውሃ ኢንጂነር ናት ብዬዋለሁ» አለችኝ ጠዋት ቁርስ ላይ። «እንደልማድሽ ጥግ ይዘሽ እንዳትቀመጪ። ቀና በይ፣ ተናገሪ።»

«እሺ» አልኩ።

«እሺሽን እንኳ ለመስማት ጆሮ ማስጠጋት ያስፈልጋል።»

አራት ሰዓት ላይ ናቲ አንድ እግሩን ገንዳው ውስጥ ነክሮ እየጮኸ አወጣው። ሁለት ሌሊት ውጭ ያደረ ውሃ ነው፤ እንደ በረዶ ሆኗል።

«ይሄ ሁሉ የሰው ልጅ ሳምባ ምች ይዞት ሊሄድ ነው» አለች እትዬ ራሄል ከበረንዳው። «አፍሉና ጨምሩበት።»

«ሁሉን?» አለች ብርቄ።

«ሁሉን አልኩሽ? እስኪሞቅ ነው ያልኩሽ።»

ለድግስ ብቻ የሚወጡትን ትልልቅ ድስቶች አውጥተን ጋዙ ላይ ጣድን። ሲንተከተክ ብርቄ በገንዳው አንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ወገን ሆነን መጨመር ጀመርን። ብርቄ በጆግ እየቀዳች፣ ተንጠራርታ መሐሉ ላይ ነው የምታፈሰው።

«አንቺም መሐል ላይ ድፊው እሺ» አለችኝ። «ጠርዙን እንዳይነካው። ላስቲክ አይደል?»

«አውቃለሁ» አልኳት።

ለሌላ ሰው እንደዚያ ባጭሩ መልሼ አላውቅም። ለእሷ ግን መለስኩ። እኔ ዲግሪ አለኝ፤ እሷ ደግሞ ስለ ላስቲክ ልትነግረኝ ነው። መሐሉ ጋ ለመድረስ ግን ድስቱን ከፍ አድርጎ ከግድግዳው በላይ መንጠራራት ያስፈልግ ነበር። ለጋሽ መስፍን ብዬ የተኮስኩት ነጭ ሸሚዝ እንዲረጥብብኝ አልፈለግኩም። ስለዚህ ድስቱን ከጠርዙ አስጠግቼ ዘንበል አደረግኩት፤ ፍል ውሃው በግድግዳው ውስጠኛ ጎን ተንሸራቶ ወረደ። እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። አንድ ድስት፣ ሁለት ድስት፣ ሦስት ድስት፣ ሁሉንም እዚያው አንድ ቦታ ላይ። ሦስተኛውን ስደፋ ቀና ብል ብርቄ ከማዶ እያየችኝ ነበር። ባዶውን ጆግ ይዛ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ሊዲያ ደረጃውን ስትወርድ አይቻለሁ። እናቷ ለእንግዶች ፍራፍሬ የምትሰካበትን ቀጭን እንጨት አንዱን ለመጫወቻ ሰጥታት ያንን ይዛለች። እስከ ገንዳው ድረስ መጣች። መዳፏን ቀለበቱ ላይ አድርጋ ሙቀቱን ስትሰማ ቆየች። ከዚያ ጉንጯን አስጠጋች። እትዬ ራሄል ከበረንዳው «አንቺ ልጅ!» ስትላት ደነገጠችና ሮጣ ተመለሰች። እንጨቱ ከእጇ ወድቆ ሣሩ ላይ ቀረ። ይህንን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቷ ገንዳውን አልወጋችም።

አምስት ሰዓት አካባቢ ሳሎን ውስጥ ፊኛ እየነፋሁ ሳለ የናቲ ድምፅ መጣ። «ማሚ፣ ፑሉ ተኛ!»

ወጥቼ ሳይ የገንዳው አንድ ጎን እንደ ሰከረ ሰው ወደ ውጭ ተንጋሏል። ውሃው በጎኑ እየገነፈለ በሣሩ፣ ከዚያም በንጣፉ ላይ ወርዶ በአጥሩ በር ስር ወደ ኮብልስቶኑ ይፈሳል። ጎረቤቶቻችን ጀሪካን ይዘው ውሃ በሚፈልጉበት ሰሞን ነው። እትዬ ራሄል በባዶ እግሯ ወጣች። ገንዳውን አየች፣ ሣሩን አየች፣ ጎንበስ አለችና እንጨቱን አነሳች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የፍራፍሬው እንጨት ነው፣ እትዬ» አለች ብርቄ።

«እሱን መች አጣሁት። እዚህ ምን ይሠራል ነው የምልሽ።»

«ለሊዱ ወጥ ቤት ነው የሰጠኋት። እዚህ…»

«ታዲያ በእግሩ መጣ? እኔው ራሴ ነኝ ያባረርኳት። ጠዋት እንዴት ታየው እንደነበር አይቻለሁ። የሰው ነገር እንደዚያ የሚያይ ልጅ አላውቅም።»

እትዬ ራሄል ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ፣ እስቲ ምህንድስናሽን አሁን አሳዪን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስፍን ይመጣል፤ ገንዳው ቆሞ ማየት እፈልጋለሁ። ቀዳዳውን ፈልጊ። የልጅቷ ሥራ ከሆነ ደግሞ ብርቄ፣ ያልኩሽን አልረሳሽም መቼም።»

አልረሳችም። እኔም አልረሳሁም። ከቀዳዳው ጋር አንድ እናትና አንዲት ልጅ የሚያድሩበት ቤት እንደተያያዘ ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

ውሃው እንዳይባክን ከብርቄ ጋር በባልዲ እየቀዳን ወደ በርሜልና ወደ ጀሪካን ገለበጥነው። የውሃው መጠን ዝቅ ሲል የተንጋለለውን ግድግዳ ቀና አድርጌ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ዳሰስኩ። ታችኛው ጠንካራ ነው፤ ላይኛውም ደህና ነው። መሐለኛው ግን እንደ ፊኛ ቆዳ ልፍስፍስ ብሏል። በመንፊያው ትንሽ አየር ሰጠሁት። ፈሳሽ ሳሙና በውሃ መትቼ አረፋውን በስፖንጅ ቀባሁት፤ አየር የሚያወጣው ቦታ ላይ አረፋው ያብጣል፤ ዘዴው ይህ ነው። በውጭ በኩል ዞርኩ። ምንም የለም። ሊዲያ መዳፏን ያሳረፈችበት ቦታ፣ ምንም። ከዚያ በውስጥ በኩል ጀመርኩ።

አረፋው ያበጠው ሁለቱ ቀለበቶች በሚገናኙበት ስፌት ላይ ነበር። አረፋ በአረፋ ላይ እየተደራረበ፣ እየፈነዳ፣ እንደገና እያበጠ። አረፋውን በእጄ ጠረግኩት። የጣቴን ግማሽ የሚያህል ርዝመት ስፌቱ ተላቅቋል። ዙሪያው ተኮማትሮ ተሸብሽቧል፣ ቀለሙም ነጥቷል። ከቦታው ቀና ስል የት እንደቆምኩ ገባኝ። ሦስቱን ድስት የደፋሁበት ቦታ ላይ ነበርኩ።

«አገኘሽው?» አለች እትዬ ራሄል ከበረንዳው።

«አገኘሁት።»

«ምን ያህላል?»

«ትንሽ ናት።»

«እንጨቱን ታህላለች?»

አንባቢዎቼ፣ ያኔ ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። «አይ፣ ሙቀት ነው፤ እኔ ነኝ» ለማለት ከአምስት ቃል አይበልጥም። እኔ ግን የውሃ ኢንጂነር ነኝ ተብሎ ለሰው ተነግሮልኛል። ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ ያ ሰው ይመጣል። የውሃ ኢንጂነሯ ገንዳውን በፍል ውሃ አቃጠለችው ተብሎ በልደቱ ላይ ሲወራና ሲሳቅ ታየኝ።

«አልለካኋትም» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። በጥንቃቄ የተመረጠ ቃል ነው። እኔ ሁሌም ጥንቁቅ ነኝ።

ከገንዳው ጋር የመጣው ማጣበቂያ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ስላገኘሁት ኢምፔሪያል ሄድኩ። ቀለበት መንገዱ አጠገብ አንድ ጎሚስታ አለ፤ ጎማ የሚለጥፍ፣ እጁ እስከ ክንዱ የጠቆረ ሰውዬ። ችግሬን ስነግረው ለጎኑ ሰው ጮክ ብሎ አወራ።

«ሰማህ? ፑል ተቀደደባቸው አሉ። እኛ ሰፈር ውሃ ከመጣ አሥር ቀኑ ነው፤ እነሱ ይዋኛሉ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አትቆጪ እህቴ፣ ቅናት ነው። የበሽተኛውን ፎቶ አሳዪኝ እስቲ።»

ስልኬ ላይ ያነሳሁትን አሳየሁት። በጥቁር ጣቱ ምስሉን አሰፋው።

«ይሄ አልተወጋም» አለ። «የተወጋ ነገር አፉ ክብ ነው። ይሄ ስፌቱ ነው የተፈታው። ዳር ዳሩን ተመልከቺ፣ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ተሸብሽቧል። ፍል ነገር አፍስሳችሁበታል።»

«አይ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «አይ ካልሽ አይ ነው። ውሸታሙ ላስቲኩ ነው።»

ከከባድ መኪና ሸራ ቅዳጅ ላይ አንድ ቁራጭ ቆረጠልኝ። የጎማ ልጣፊ ለዚህ አይሆንም አለ። ማዕዘኖቹን በመቀስ እየከረከመ ክብ አደረገው፤ ማዕዘን ያለው ልጣፊ ከጫፉ ይላጣል። በትንሽ ጠርሙስ ማስቲሽ ቀዳልኝ። «ስፌቱን በደንብ አድርቂ። ሁለቱንም ቀቢና አምስት ደቂቃ ጠብቂ። ከዚያ ለጥፈሽ ሃያ ደቂቃ በመዳፍሽ ትጫኚያለሽ። እጅሽን ካነሳሽ አለቀልሽ፤ አየሩ ይገባና እንደገና መጀመር ነው።»

ስመለስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ከመሐለኛው ቀለበት አየሩን አስተነፈስኩ፣ በፎጣ አደረቅሁት፣ ስፌቱን በአሸዋ ወረቀት በስሱ ፈገፈግኩት፣ ቀባሁት፣ አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ፤ ከዚያ ክቡን ሸራ በተሸበሸበው ቦታ ላይ አሳረፍኩት። ሙሉ በሙሉ ሸፈነው። ይህን ያስተዋልኩት መዳፌን ከጫንኩ በኋላ ነው። ልጣፊው ከተያዘ በኋላ ማንም ሰው ፍል ውሃ መሆኑን ሊያይ አይችልም።

እዚያው ተንበርክኬ ሳለ እትዬ ራሄል ሊዲያን በእጇ ይዛ ከጓሮ መጣች። ብርቄ ከኋላ ከኋላቸው ትራመዳለች። ከእኔ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆሙ።

«ንገሪኝ» አለቻት እትዬ ራሄል ልጅቷን፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። «በእንጨቱ ወጋሽው?»

ሊዲያ እናቷን አየች። «አልወጋሁም።»

«እዚህ አልመጣሽም?»

«መጥቻለሁ።»

«እንጨቱን አልያዝሽም?»

«ይዣለሁ።»

«መጥተሻል፣ ይዘሻል፣ አልወጋሁም ትያለሽ። በአራት ዓመት ውሸት ከተጀመረ በአሥር ዓመት ምን ሊመጣ ነው?» ወደ ብርቄ ዞረች። «ልጅሽን ቅጪያት።»

«እትዬ…»

«እኔ የሰው ልጅ አልመታም። አንቺ እናቷ ነሽ። ይቅርታ እስክትጠይቅ ቅጪያት። ካልሆነ ዛሬውኑ ፍራሽሽን ጠቅልዪ።»

ብርቄ ወደ እኔ አየች። ዓይኗን ሳትነቅል፣ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ያ አስተያየት ያኔ የእርዳታ ልመና መስሎኝ ነበር፤ ምን እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ከሃያው ደቂቃ ዘጠኙ አልፏል።

ብርቄ የልጅቷን እግር መታች። በእጇ ነው፣ ጭኗ ላይ። ሊዲያ አላለቀሰችም፤ ገረማት እንጂ። እናቷ መትታት አታውቅም ነበር። ብርቄ እንደገና ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ልጣፊውን በመዳፌ እንደተጫንኩ ነበርኩ። ካነሳሁ ይላጣል እያልኩ ነበር፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶኛል፣ ልክ ሃያ ሲሞላ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ነበር። ብርቄ ሁለተኛ መታቻት። አየችኝ። ሦስተኛ መታቻት። ያኔ ልጅቷ አለቀሰች፤ በልቅሶዋ መሐልም «እኔ ነኝ፣ እማ፣ እኔ ነኝ የወጋሁት» አለች። አራተኛው ግን አልቀረላትም፤ የተነሳ እጅ ነበርና ወረደ።

«አየሽ?» አለችኝ እትዬ ራሄል። «ልጅ ሲቀጣ እውነቱን ያወጣል።» ከዚያ ለሊዲያ «ይቅርታ በይ።»

«ይቅርታ።»

«ሁለተኛ አልነካም በይ።»

«ሁለተኛ አልነካም።»

ብርቄ ልጇን አቅፋ ሄደች። እኔ ቀሪዎቹን ደቂቃዎች ቆጠርኩ። ሃያ ሲሞላ እጄን አነሳሁ። መዳፌ ላይ የሸራው ሽመና ታትሞ ነበር። ልጣፊው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጣብቋል።

እትዬ ራሄል በረንዳው ላይ ነበረች። «እንዴት ሆነ?»

«ይዟል» አልኩ።

ሌላ ምንም አላልኩም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዶች መጡ። ከበርሜሎቹ መልሰን የሞላነው ውሃ ፀሐይ መትቶት ለብ ብሎ ነበር። ማፍላትም አላስፈለገም። ልጆቹ ሁሉ ገቡበት። ግድግዳው ላይ ተደገፉ፣ ተንጠለጠሉ፣ ዘለሉበት፤ ንቅንቅ አላለም። ሊዲያ እንዳትታይ ክፍሏ ውስጥ ተዘግቶባታል። ብርቄ ቀይ ዓይኗን ታጥባ ፍራፍሬ ታዞራለች።

«ይሄን ማን ጠገነው?» አለ ጋሽ መስፍን ጎንበስ ብሎ ልጣፊውን በጣቱ እየዳሰሰ።

«የነገርኩህ የእህቴ ልጅ ናት» አለች እትዬ ራሄል። «የሠራተኛዬ ልጅ በእንጨት ወግታው፣ እሷ በሦስት ሰዓት ውስጥ አቆመችው።»

«ማዕዘኑን ክብ ማድረጉን ማን አሳየሽ?»

«እንዲያው…» አልኩ።

«ልጅት፣ እኔ ጋ ያሉት ልጆች ወረቀት ላይ ነው የሚያውቁት። እጁን የሚያቆሽሽ ሰው ነው የማጣው። ሰኞ ቢሮ ነይ።»

ሰኞ ሄድኩ። እስከ ዛሬም የምሠራው እዚያ ነው።

ከግብዣው መሐል ቁራሽ ኬክ በሳህን ይዤ የሊዲያን በር ከፈትኩ። አልጋው ላይ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ የጣቶች ሰንበር አለ። ኬኩን ከመቀበሏ በፊት አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ፑሉ ዳነ?»

«ዳነ» አልኳት።

በላች። እኔም በሩን መልሼ ዘጋሁት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመጨረሻው መኪና ሲወጣ ብርቄ ሣሩ ላይ የተበተነውን ሳህን ትሰበስብ ነበር። እትዬ ራሄል ጫማዋን እያወለቀች፣ እንደ ተራ ነገር «ነገ ጠዋት ትሄዳላችሁ» አለቻት።

ብርቄ ሳህኖቹን ይዛ ቆመች። «መታኋት እኮ፣ እትዬ።»

«መታሻት፣ ጥሩ። ለራሷ ነው የሚጠቅማት።»

«ካልመታሻት ዛሬ ትወጫለሽ ነው ያሉኝ።»

«ዛሬ ወጣሽ? ነገ ነው የምትወጪው። ልጅሽ በአፏ አምናለች፤ ያመነ አጥፊ ደግሞ ቤቴ አላኖርም።»

እኔ እዚያ ነበርኩ። ፊኛ እያስተነፈስኩ ነበር።

እሑድ ጠዋት ብርቄ ፍራሿን ስትጠቀልል «ገመዱን ያዢልኝ» አለችኝ። ያዝኩላት፤ አጥብቃ አሰረችው። አላየችኝም። ሊዲያ ግን እጇን አወዛወዘችልኝ።

ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ ቤት ተከራይቼ ወጣሁ። የወጣሁ ዕለት ለእትዬ ራሄል ሁሉንም ነገርኳት። ሳቀች። «ለዚህ ነው ይሄን ያህል ጊዜ ፊትሽን ያጠቆርሽው? ሠራተኛ ናት እኮ፤ ሌላ ቤት ታገኛለች። ያኔም ብትነግሪኝ ኖሮ የውሃ ኢንጂነር ገንዳ ይቀቅላል እንዴ ብዬ እስቅብሽ ነበር፤ በቃ።» ለካ የፈራሁት ያንን ነበር። አንድ ሳቅ።

ብርቄን ለማግኘት ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ፈጀብኝ። ወደ እትዬ ራሄል ቤት ያመጣት ደላላ ነው የካ አባዶ መሆኗን የነገረኝ። በቅዳሜ ሄድኩ፤ ሚኒባሱ ከመንገዱ ርዝመት የተነሳ የማይደርስ መሰለኝ። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ በየቤቱ እየዞረች ልብስ ታጥባለች። ከሌላ ሴት ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ነው የምትኖረው። ከብሎኩ ጀርባ አንሶላ ስታሰጣ አገኘኋት።

ሳልቀመጥ፣ ሰላምታውን ሳልጨርስ ነገርኳት። ስፌቱን፣ ሦስቱን ድስት፣ ጎሚስታው ያለኝን። አንሶላውን እየጨመቀች ሰማችኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «ስትደፊው አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን?» አንሶላውን ገመዱ ላይ ዘረጋችው። «እኔ ብናገር የእህታቸውን ልጅ በሐሰት ከሰሰች ይሉኛል። አንቺ ነበርሽ መናገር የምትችይው። የመታኋት ለዚያ ነው።»

አልገባኝም። እንዳልገባኝ አይታ በእርጋታ፣ ለልጅ እንደምታስረዳ ቀጠለች።

«አንዴ ስመታት ታያለች፣ አንጀቷ አይችልም፣ ትናገራለች ብዬ ነው። አየሁሽ። ዝም አልሽ። እንግዲያው ሁለተኛውን ስጨምር ትናገራለች አልኩ። እያየሁሽ ነው የመታኋት። በሦስተኛው ልጄ እኔ ነኝ አለች፤ አራተኛው ላይ ተስፋ ቆረጥኩብሽ።»

ለሊዲያ ልነግራት እንድትፈቅድልኝ ለመንኳት። ብርቄ ትንሽ አሰበችና «ሊዱ፣ ነይ፤ ይቺ እህት የምትነግርሽ ነገር አላት» ብላ ጠራቻት። ሊዲያ አድጋለች፤ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ቁመቴ ከእሷ እንዲስተካከል ቁጢጥ አልኩ።

«ሊዱ፣ ያ ፑል ትዝ ይልሻል? አንቺ አይደለሽም የቀደድሽው። እኔ ነኝ፣ በፍል ውሃ። አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

መጀመሪያ እናቷን አየች፤ የትኛው መልስ እንደሚፈለግባት የምታጠና ይመስል። ከዚያ እኔን።

«እኔ ነኝ» አለች። «በእንጨት ነው። ይቅርታ፤ ሁለተኛ አልነካም።»

«አይደለሽም፣ ሊዱ።»

«ተያት» አለች ብርቄ። «ነገርሻት አይደል? አንቺ ተንፍሰሻል፤ አሁን እሷን አታድክሚያት።»

አንባቢዎቼ፣ ዛሬ በሥራ ቦታዬ ስብሰባ ላይ ቀድማ የምትናገረዋ እኔ ነኝ። ስህተት ስሠራ ማንም ሳይደርስበት ቀድሜ እናገራለሁ፤ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ፣ አንዳንዴም ሰው እየሳቀብኝ። ደፋር ሆነሻል ይሉኛል። ደፋር አልሆንኩም። ዓይናፋርነት ጨዋነት ነው ተብዬ ነው ያደግኩት፤ እኔም አምኜው ነበር። ዝምታዬ ማንንም የማይጎዳ ይመስለኝ ነበር። እናንተም እንደ እኔ ዝምተኞች ከሆናችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እውነት ጊዜ አለው። በሰዓቱ ያልተነገረ እውነት ለተበደለው ሰው አይደርስም፤ የሚያቀለው የተናጋሪውን ደረት ብቻ ነው።

አሁንም በወር አንዴ የካ አባዶ እሄዳለሁ። ብርቄ አትከለክለኝም፤ አትጠብቀኝምም። ሊዲያ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ፊደል አስጠናታለሁ። አልፎ አልፎ፣ ጨዋታ መሐል፣ «ሊዱ፣ ፑሉን አንቺ አልነበርሽም እኮ» እላታለሁ።

«እሺ» ትለኛለች።

እሺ የምትለው ግን እንደታዘዘች ልጅ ነው።